በወንፈል ስላገኘሁት መቶ ከመቶ

ለተከበሩ የኦንላይን ሥልጠና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማይቆራረጠው የቢሮዎ ኢንተርኔት ያለኝን መልካም ምኞት ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር አቀርባለሁ። እኔ በሆስፒታላችን የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ሰባታችንም ነርሶች ኮርሶቹን ሁሉ መቶ ከመቶ በማለፋችን የላኩልን የምስጋና ደብዳቤ ደርሶናል፤ እንዳሰቡን እግዚአብሔር ያስብዎት። ይሁን እንጂ ምስጋናው እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ጉዳዮች በታላቅ ትሕትና ላቀርብ እወዳለሁ።

፩. በፈለግነው ቦታና ጊዜ እንድንማር ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን። ቦታው ኔትወርክ የሚገኝበት የልብስ ማጠቢያው ደጃፍ፣ ጊዜውም ሕፃናቱ ሁሉ ደህና የሚሆኑበት ሰዓት ሆኖ አገኘነው፤ እንዲህ ያለ ሰዓት ግን እስካሁን አልመጣም። የሙያ ፈቃዳችን እድሳት በዚሁ ኮርስ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ የገበሬ ልጆች ነንና ወላጆቻችን አጨዳ ሲደርስባቸው የሚያደርጉትን አደረግን፤ ወንፈል ገባን። ባለተራዋ ደጃፉ ላይ ቆማ አንዱን ኮርስ ለሰባታችንም ትፈተናለች፣ የቀረነው ሕሙማኗን እንጠብቅላታለን። ለእኔ የመድኃኒት መጠን ደረሰኝ፣ ፀደንያ ለምትባለው ባልደረባዬ ደግሞ የመተንፈሻ መሣሪያው።

፪. መሣሪያውን መጠቀም እንደምችል የሚገልጸውን የምስክር ወረቀትዎን፣ አለቆቼ ከነፎቶዬ ግድግዳ ላይ ሰቅለውልኛል። ባለፈው ሳምንት ማኅደረማርያም የምትባል ሕፃን ሳንባዋን ታማ ከመዘዞ መጣች። ፀደንያ ለለቅሶ ወደ ለሚ ከተማ ሄዳ ስለነበር መሣሪያውን የገጠምኩት እኔ ባለ ምስክር ወረቀቷ ነኝ። ከመሣሪያው ጋር በቱቦ የተያያዘው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውሃ፣ አየሩ በትክክል ሲደርስ አረፋ ማውጣት ነበረበት፤ አላወጣም። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። የልጅቷ ደረት ሲሰረጎድ እያየሁ ለፀደንያ ደወልኩ፤ ደግነቱ አነሳች። የአፍንጫው መግጠሚያ ጠቦ አየር እያመለጠ መሆኑን ነገረችኝ፣ በሰፊው ቀየርኩት፣ ልጅቷም ተረፈች። አባቷ ዲያቆን ወልደ ሰንበት ግን ግድግዳው ላይ ፎቶዬን አይተው እጅሽ ይባረክ ብለው መረቁኝ፤ እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ አሜን አልኩ። ያን ቀን አፈርኩ፤ አሁንም ያንን ግድግዳ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ጥፋቴን በእርስዎ ላይ ለማላከክ እንዳይመስልብኝ። ያጭበረበርኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ እንዳያውቁ ብቻ ነው የተጠነቀቁት።

፫. ፀደንያ በዚህ ወር መጨረሻ በዝውውር ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ከእኔና ከወረቀቴ ጋር ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው ሕፃን ግን ስልክ እስኪነሳ ላይጠብቀኝ ይችላል፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ። ስለዚህ የምስክር ወረቀቴን እንዲሰርዙልኝ፣ መሣሪያውን በእጁ የሚያውቅ አንድ ሰውም ለአንድ ቀን እንዲልኩልን እማጸናለሁ። እስከዚያው ሥልጠናችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ ይቆያል።

ሁሉንም ኮርስ ያለፍኩት፣ አንዱን ብቻ የተማርኩት፣ በምስጋናዎ አንገቴን የደፋሁት
ታዛዥዎ ሲስተር ማርያማዊት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዲሱ የሙያ ሥነ ምግባር ኮርስ ደርሶናል፤ ባለተራዋ እኔ ነበርኩ። ለማንም አልፈተንም፣ እያንዳንዳችን ለየራሳችን እንቀመጥ ብያለሁ። ሰባታችንም ወድቀን ቢያገኙን እባክዎ አይደንግጡ፤ ከክፍላችን የሚደርስዎት የመጀመሪያው እውነተኛ ውጤት ነው።