የቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ፣ አቶ ሀቢሶ ላምቦሬ

ታላቅ ወንድሜ አቶ ሀቢሶ ላምቦሬ ከአባታችን ከአቶ ላምቦሬ ኤርጫፎና ከእናታችን ከወ/ሮ አማረች በ1962 ዓ.ም. በሀዲያ፣ ሆሳዕና አቅራቢያ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍልም ተማሩ።

በ1986 ዓ.ም. ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ሆነው ተቀጠሩ። ማይክ ይዘው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆሙና ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ ያሰሙ ነበር። ከሁሉ የሚወዱት አንድ ጥቁርና ነጭ የድሮ የሆሊዉድ ኮሜዲ ነው። ሁለት ቀለም ቀቢዎች ከመሰላል ይወድቃሉ፣ ኬክ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ በየመሀሉም ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይዘፍናል። ወይ ጉድ! እሳቸው ሲተረጉሙት ሆዱን ይዞ ያልወጣ ተመልካች አላውቅም።

በ1993 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲመጡ የዚያን ፊልም ካሴት በሹራብ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፍተው ቅዳሜ ቅዳሜ ያሳዩት ነበር። ዳቦ ሊገዛ የገባ ደንበኛ ዳቦውን ረስቶ ይወጣ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ከወ/ሪት ኤርጎጌ ጋር ተጫጭተው ጋብቻው እንደ ደንባችን፣ ተቃውሞ ያለው እንዲያቀርብ፣ በቤተ ክርስቲያን ሦስት እሑድ ተነገረ። በሦስተኛው እሑድ ከመባው ሳጥን ስም የሌለው ወረቀት ወጣ። ሙሽራው ዓለማዊ ዘፈን ያለበት ፊልም ያሳያል ይላል። ሠርጉ ታገደ፤ ወንድሜም ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፋቸው አልዞረም።

ሦስት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፊልሙን ሊመረምሩ ዮቪል ሰፈር ወደ ነበረው ቤታችን መጡ። ፊታቸው አያድርስ ነው! መሰላሉ ሲወድቅ ግን ሰብሳቢው አቶ ሲላስ በሳቅ ከሶፋው ተንሸራተው ወለል ላይ ቁጭ አሉ። ዘፈኑ ሲጀምር ኮስተር ብለው ምን እንደሚል ጠየቁ። መዝሙር ነው ቢሏቸው ማን ያውቅባቸዋል? ወንድሜ ላባቸውን ጠርገው፣ እንግሊዝኛ እንደማያውቁ፣ የዚያን ሁሉ ዓመት ትርጉም ከራሳቸው እንደፈጠሩት ተናዘዙ። ሽማግሌዎቹ ሠርጉን ፈቀዱ፤ ካሴቱን ግን ለተጨማሪ ምርመራ ወሰዱት። እስከ ዛሬ እየመረመሩት ነው።

በትዳራቸው ማራናታንና ፍሬገነትን ወልደው በመልካም አሳድገዋል።

ከሁለት ዓመት ወዲህ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለፈው ወር ሆስፒታል ሳሉ፣ ወ/ሮ ኤርጎጌ ሀያ ዓመት የያዙትን አወጡ፤ ያቺን ወረቀት የጻፉት ራሳቸው ነበሩ። ወሬ እንዲህ የሚያሳምር ሰው በጨነቀው ቀን እውነት ይናገር እንደሆነ ሳያዩ ማግባት ፈርተው ኖሯል። ወንድሜ ነርሷ መጥታ እስክትቆጣ ድረስ ሳቁ። ከዚያም የባለቤታቸውን እጅ ይዘው፣ ያን ቀን መዝሙር ነው ሊሉ አፋቸውን ከፍተው እንደነበር፣ የመለሳቸውም ኤርጎጌን ዋሽተው ማግባት አለመፈለጋቸው እንደሆነ ነገሯቸው።

አቶ ሀቢሶ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ሙሉቀንን ትተዋል። እንዴት እንደምንችለው እንጃ። ጌታ ነፍሳቸውን በደስታ ቤቱ ይቀበል፤ እኛንም ያጽናን። ወ/ሮ ኤርጎጌም ዛሬ ሳቅ የመጣበት ሰው እንዳያፍነው አደራ ብለዋል።