የጠንቋይዋ ግራ ጉንጭ

ለእህቴ፣

የምትሠሪው ጌም ሰዎች ድነዋል። ሁሉም እንደ ማስቲካ ሮዝ የሆኑት፣ ፎልደሩን ላጽዳ ብለሽ የቆዳና የልብስ ሥዕሎቻቸውን ሌላ ቦታ ስለወሰድሽባቸው ነው። አንድ በአንድ መልሼ አገናኝቻቸዋለሁ። ሁለተኛ እንዳትነኪው! ከነካሽው ደግሞ በሬን እንዳታንኳኪ።

ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ነው። ወጥ ቤት ያለው ሰሃን የኔ አይደለም፣ እጠቢው።

ጠንቋይዋንም አየኋት።
ተጫዋቹ ሁሉ የሚደበድባትን።
ፊቷ የኔ ነው፦ አፍንጫዬ፣ ግንባሬ፣ ስቆጣ የሚጣመመው ከንፈሬ ሳይቀር። እኔ ሥራዬን ትቼ ስለፋልሽ፣ ለካስ አንቺ ለዱላ አሰናድተሽኛል። እሰይ፣ የእናቴ ልጅ!

ትናንት ጓደኞችሽ ፊት ስለተናገርኩሽ ነገር…
ተይው።

ፊቷን እንደተበላሸ ልተወው ብዬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ግማሹን ብቻ ሠርተሽ ሌላውን ገልብጠሽ ስለለጠፍሽው፣ ማርያም የሳመችኝ ጥቁር ነጥብ በሁለቱም ጉንጯ ላይ ወጥቷል። የቀኙን አጥፍቼዋለሁ። የኔ በግራ ብቻ ነው። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አድገን ይህን አታውቂም?

ስትሰድቢኝ እንኳ አይተሽኝ ስደቢኝ።