የ«ዶክተር ጠብታ» የሕይወት ታሪክ

እናቶች «ዶክተር ጠብታ» ይሏቸው የነበሩት ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ተማሪ ሳሉ የሚያውቁትን ጥያቄ እንኳ ሁለት ጊዜ ሳያስቡ ስለማይመልሱ መምህራኑን ትዕግሥት ያስጨርሱ ነበር። በ1972 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ፤ ከስድስት ዓመት በኋላም የሕፃናት ስፔሻሊስት ሆኑ። በ1979 ዓ.ም. ከላቦራቶሪ ባለሙያዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

የሚሠሩባት ክፍል ጠባብ ነበረች፤ አንድ ሚዛን፣ አንድ አልጋ፣ ከግድግዳ ጋር የተፋጠጠ መስኮት። ሕፃን ሲመጣላቸው የእጁን አንጓና የጎድን አጥንቱን በጣታቸው ዳሰስ ያደርጋሉ። ጡት ብቻ ነው የሚጠባው? ፀሐይ ያገኛል? ቤት ውስጥ ሌላ ቫይታሚን አለ? ብለው ይጠይቃሉ። ቫይታሚን ዲ የሚያዙት ከዚያ በኋላ ነው። እናትየዋም ጠርሙሱን ገዝታ ተመልሳ፣ እፊታቸው ማንኪያ ላይ አንዲት ጠብታ ብቻ ጠብ አድርጋ ካላሳየች አይለቋትም። «ዶክተር፣ ይቺ እኮ ለጉንዳንም አትበቃ» ያለቻቸው እናት ነበረች። «ለጉንዳን አላዘዝኩም» አሏት። ለዘመድ ደግሞ ይብሱ ነበር፤ በስልክ መድኃኒት አላዝም ብለው ስንቱን አስኮርፈዋል።

ይህ ልማድ የመጣው በ1984 ዓ.ም. ነው። የታናሽ እህታቸው ልጅ በተወለደ በሦስተኛ ወሩ ያስመልሰው ጀመር፤ ጡት እምቢ አለ፤ ሰውነቱም መነመነ። ሆስፒታል ሲገባ በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከመጠን በላይ ሆኖ ተገኘ። ቫይታሚን ዲ በቀን አንድ ጠብታ ሊሰጠው ሲገባ፣ ለሁለት ወር ማንጠባጠቢያው ጢም ብሎ እየተሞላ ሲሰጠው ኖሯል። ዶክተር ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከአልጋው አልራቁም። ልጁ ዳነ። በሐኪሞች ስብሰባ ላይ ግን ተነሥተው፣ «ቤት ውስጥ በቃል ነው ያዘዝኩት፤ ልኩን ለይቼ አልነገርኳትም» አሉ። ጥፋቱ በስማቸው ተመዘገበ፤ የክፍል ኃላፊነታቸውንም አጡ።

ይህን ታሪክ የጻፈችው ያቺ ታናሽ እህታቸው ናት። እውነቱ እንዲህ ነው። ዶክተር ለይተው ነግረዋታል፤ «አንድ ጠብታ» ብለው በወረቀትም ጽፈው ሰጥተዋታል። ልጇ ከጎረቤት ልጅ ያነሰ መስሏት፣ ቶሎ ይጠንክርልኝ ብላ ማንጠባጠቢያውን የሞላችው እሷ ናት። ሆስፒታል ውስጥ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ልትነግራቸው ስትል፣ ተቀብለው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «አንቺ ልጅሽን አጥቢ» አሏት። ባሏና አማቶቿ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጓት ያውቁ ነበር። እሷም ዝም አለች፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ዝም አለች። ያሳፍራታል።

ዶክተር ጡረታ ከወጡ በኋላ በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ የሆነውን የእህታቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል። እሱም ይህን ነገር የሚሰማው ገና አሁን፣ ከእናንተው ጋር ነው።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ እህታቸውንም ይቅር ይበላት።