ባለቤታቸው ያልተጻፈባቸው የመረብ ክሮች

ጥቅምት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ። ዕድሜዬ ሰባ አራት ዓመት ከሁለት ወር።

ውጭ አገር ለዶክትሬት የሚማረው ልጄ ዳዊት የጫሞ ሐይቅ አስጋሪዎችን የናይለን መረብ ክር እንድልክለት ጠይቆኛል። በስልክ እንዳስረዳኝ፣ ጠጣሩን ክር ሳያቀልጡ ኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ያስገቡታል። ከሞለኪውሎቹ ከፊሉ በሥርዓት ተሰልፎ ይቆማል፤ ከፊሉ ተዘበራርቆ ይንቀሳቀሳል። ፀሐይና ውኃ ይህን እንዴት እንደሚለውጡ ማወቅ ይሻል። እስከዚህ አምኜዋለሁ።

ያላመንሁት የመጨረሻውን ጥያቄ ነው። «አባዬ፣ የየመረቡን ባለቤት ስም ይጻፉልኝ» አለኝ። ማግኔት የሰው ስም ምን ያደርግለታል? ብጠይቀው፣ «አማካሪዬ ፈልጎት ነው» ብሎ ወሬ ለወጠ።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ ነበር። በጥጥ መረብ ዘመን እንዲህ ያለ ስጋት አላውቅም፤ አሁን ግን ተቆጣጣሪዎች ቀዳዳው የጠበበ፣ የተከለከለ መረብ ካገኙ ያቃጥላሉ። ጦና የተባለው አስጋሪ፣ «ጋሼ፣ የሚመረመረው ክሩ ነው ወይስ እኛ?» አለኝ። ባልንጀሮቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ስማቸው ከእኔ እንደማያልፍ ቃል ከሰጠሁ በኋላ ነው ከየመረባቸው የቆረጡልኝ። በጋሞ የሽማግሌ ቃል ማጠፍ ጎሜ ነው፤ የነውሩ ቅጣት በልጅ ላይ ይወርዳል።

እያንዳንዱ አስጋሪ መረቡን የሚለይበት ባለቀለም ጨርቅ ያስራል። ከቁራጮቹ ላይ ጨርቆቹን ሁሉ ፈታሁ። «አዲስ»፣ «ፀሐይ የበላው» ብቻ ብዬ ጻፍሁባቸው። የወለድሁትን መጠርጠር ያሳፍራል፤ ከጀርባው የቆመውን ግን አላውቀውም። ፖስታውን አሽጌ ላክሁት።