በንጉሡ ሠ የጻፍከው

ውድ ቀለሜ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አሰብኩና አፈርኩ። ወሬህን ከሰማሁ ሰባት ወር አለፈኝ፤ እንዳልሰማ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ ልቤ ሳይመለስ ልጨርሰው።

ቀለሜ ያልንህ እኛ ተማሪዎቹ ነበርን። አንተ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠህ የኮሌጁ ሰሌዳ ጸሐፊ የሆንክ፣ እጅህ እስከ ክርንህ ቀለም፤ እኛ እስከ አንገታችን መጽሐፍ። “እውነተኛው ቀለሜ ማን እንደሆነ ሳሙናዬን ጠይቁ” ትለን ነበር። መገናኛ ብዙኃን እንደማጠና ስነግርህ የብዙኃኑ ኀ ተማሪ ነሻ ብለህ ሳቅህብኝ።

አንተ ግን የንጉሡ ሠ ሰው ነበርክ። ፊደል በቆጠርክበት ቤት ሰ እሳቱ፣ ሠ ንጉሡ ይባላሉ፤ ድምፃቸው አንድ፣ ስማቸው ለየቅል። መዝገበ ቃላቱ ሰውን በእሳቱ ሲጽፍ አንተ በንጉሡ ትጽፋለህ። ስህተት ነው ብዬ ሳርምህ፣ “ሠው ምን በወጣው በቁሙ ይቃጠላል?” አልከኝ።

ማለዳ ሠራተኛ ሳይገባ፣ ዘበኛው ጋሼ በር ከፍተውልህ፣ የኋላው አጥር ላይ የምትጽፈው አንተ መሆንህን የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እሳቸውና እኔ። ስልክ ሻጮቹ “ከዓለም ጋር ይገናኙ” የሚል ትልቅ ማስታወቂያ የሰቀሉ ጊዜ ከሥሩ “ጎረቤትህም ሠው ነው፤ በሩን አንኳኳ” ብለህ ጻፍክበት። ተማሪው ሁሉ ቆሞ አነበበ። እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን አገኘሁ። ስለ ጥበብ፣ ስለ አፈንጋጭ ባህል፣ ባለቤቱ ስለማይታወቅ ጽሑፍ ሰማንያ ገጽ ሞላሁ። ስምህን አንድም ቦታ አላነሣሁም፤ በዚህም ራሴን ጠንቃቃ አድርጌ ቆጠርኩ።

የበላህ የግርጌ ማስታወሻ ነው፤ ቁጥር አሥራ አራት። “የአጥሩ ጸሐፊ ሰውን ሁልጊዜ በንጉሡ ሠ ይጽፋል፤ ይህ ልማድ በግቢው ውስጥ ሌላ የሚገኘው በምግብ አዳራሹ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው” አልኩ። ጻፊ ያለኝ የለም። መምህሬ ዓይንሽ ጥሩ ነው እንዲሉኝ ነበር፤ አሉኝም። ጽሑፉ ከፍተኛ ውጤት አግኝቶ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ፣ የአጥሩን ጸሐፊ ሲፈልጉ የኖሩት አስተዳዳሪ አነበቡት። ከዚያ ይዘውት አንተ ሰሌዳ ወደምትጽፍበት ምግብ አዳራሽ ሄዱ።

የቀረውን ከጸሐፊያቸው ሰማሁ። ወረቀት ሰጥተው “ሰው ሁሉ እኩል ነው” ብለህ እንድትጽፍ አዘዙህ። ለምን እንደሆነ ሳይገባህ አልቀረም። በእሳቱ ብትጽፈው ትድን ነበር። በንጉሡ ጻፍከው፣ በዚያው ቀን ከሥራ ተባረርክ።

ማን ተናገረ፣ በምን ተናገረ፣ ለማን ተናገረ ብለን እንድንጠይቅ አራት ዓመት ተማርን። ተናጋሪው ምን ይደርስበታል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቄ አሁን እንቅልፍ ይነሣኛል።

ይህን እንኳ ስህተት ነው ልበል። ኃጢአት የሠራሁት ዕቃህን ይዘህ ስትወጣ ነው። የማለዳውን የሚያውቅ ሌላ ማን አለ ብለህ፣ እኔ አጠገብህ ቆሜ፣ አንቱ ስትላቸው የኖርከውን ጋሼን “አንተ የበላህበትን ወጪት ሰባሪ” አልካቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። እኔ ነኝ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ፈራሁ፤ እንድትጠላኝ አልፈለግሁም። እወድህ ነበርና። እሱንም ነግሬህ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ሳልጨርስ፣ “አውቃለሁ” አሉኝ። “ሲሰድበኝ እኮ ያንቺን ፊት ነበር የማየው።”

ታዲያ ለምን እንዳልነገሩህ ጠየቅኋቸው።

“እኔንማ አንዴ ጥሎኛል። አንቺንም ቢጥልሽ ማን ይቀርለታል ብዬ ነዋ፣ ልጄ።”

ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። አድራሻህ ነው። አንድ ሹፌር ያለህበት ከተማ አይቶህ የጻፈላቸው ነው። አስተዳደሩ “መጥቶ አጥሩን በእጁ ያጽዳ” ብሎ ሲያፈላልግህ፣ ጋሼ “የት አባቱ እንደገባ ማን ያውቃል” ብለው መልሰውታል። ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም ነበር። አንተን እንዳያጋልጡ ብለው ወረቀቱን ለማንም ሳያስነብቡ አምስት ወር በኪሳቸው ይዘውት ኖረዋል።

እኔን ብትጥለኝ አልቀየምህም። ለጋሼ ግን ጻፍላቸው። እኔ አነብላቸዋለሁ። ስለ እኔ የምትጽፈውንም፣ ምንም ቢሆን፣ አንዲት ቃል ሳልዘል አነብላቸዋለሁ።

አጠገብህ ቆማ ዝም ያለችው