የጋሽ በየነ ባንዲራ ያዥ

ዮርዲዬ፣ እናንተ ድሬ በሙቀት ስትቃጠሉ እኔ አየር ጤና በጋቢ ተጠቅልዬ ነው የምጽፍልሽ። ከአባትሽ ጋር ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩት ጋሽ በየነ ሳሎናቸው ውስጥ የድሬን የባቡር ማቋረጫ በካርቶን ሠርተዋል። ከተጣለ ዲቪዲ ማጫወቻ በፈቱት ሞተርና በአሮጌ የስልክ ቻርጀር የሚንቀሳቀስ ትንሽ ጠባቂ፣ ባቡር ሲመጣ ቀይ ባንዲራ ያነሳል። የሰርዲን ቆርቆሮ እንደ ባቡር ገፍተው አሳለፉ፤ ጠባቂው ግን እጁን ቶሎ አላወረደም።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ይዘገያል» አልኳቸው።

«አውቄ ነው ልጄ። የዮርዲ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከባቡሩ ኋላ ለሚሮጡት ልጆች ሲል አስር ሳይቆጥር ባንዲራውን አያወርድም ነበር።»

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እማማ ዓለምን ሳሚልኝ። ጋሽ በየነ ማብሪያውን መጥተሽ እንድትጫኚው ይፈልጋሉ። ባቡሩን ገና አልሠሩትም፤ ያስቀደሙት አባትሽን ነው።

ሶሊ