ሞተሩን ስላጠፋችው እህቴ

ለተከበሩ የአውሮፕላን ሞተር መፈተሻና ማምረቻ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፦ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው የሰላም እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በፋብሪካዎ የሞተር ፍተሻ ቴክኒሻን የነበረችው፣ አሁን በእርስዎ መልካም ፈቃድ ቤት የምትውለው ሴት ታናሽ ወንድም ነኝ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በተራ ላቅርበው።

1ኛ. ፋብሪካውን «ሥራ ሳይስተጓጎል» ለማስፋፋት ስላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ግድግዳ ሲፈርስ ሞተር ያስጠፋ ነበር። እርስዎ ግን ግንበኞቹን ከፍተሻ ክፍሉ በላስቲክ መጋረጃ ብቻ ለይተው፣ ወዲህ ሞተሩ እንዲያጓራ፣ ወዲያ መዶሻው እንዲወርድ አደረጉ። እህቴና ባልደረቦቿ «እባክዎ፣ ሰው ቢጮኽ እንኳ አይሰማም» ብለው ሲለምኑዎ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ ብለው የሚያሙዎ አሉ፤ እኔ ግን ሞተሩ ስለሚጮኽ ሳይሰሟቸው ቀርተው ነው ባይ ነኝ።

2ኛ. ግድግዳው ሳይታሰብ ተንዶ አንዱን ግንበኛ ቀበረው። ጓደኞቹ በአንዱ ጥግ ፍርስራሹን በእጃቸው ሲምሱ፣ እሱ ለካ በሌላው ጥግ ጣውላ ሥር ሆኖ ይጣራ ኖሯል። እህቴ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት አሻግራ ስታይ፣ ከግንበኞቹ አንዱ መጋረጃውን ቀዶ እጁን እያወናጨፈ ሲሮጥ አየች። ምን ሆነሃል ሳትል የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ተጫነች። ጸጥ ሲል «ኧረ እዚህ ነኝ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የተቀበረው ግንበኛ በሕይወት ወጣ፤ አንድ እግሩን ግን ማትረፍ አልተቻለም።

3ኛ. በማግስቱ እህቴን «ያለ ፈቃድ ሥራ በማስተጓጎል» አግደው ስላሳረፏት ውለታዎ አለብን። ችግሩ አለማረፏ ነው። ጎረቤት ሬዲዮ ከፍ ባደረገ ቁጥር ብድግ ትልና «ዝም በሉ እስቲ፣ ሰው ይጣራል» ትላለች። እናታችን «ማንም የለም ልጄ» ብላ እጇን ይዛ ታስቀምጣታለች።

ባለፈው ሳምንት ግንበኛው ከሚስቱ ጋር በክራንች ቤታችን መጣ። እህቴ ባዶውን የሱሪ እግር አይታ «ምነው ቀደም ብዬ ባጠፋሁት» ብላ ተንሰቀሰቀች። እሱም ቀስ ብሎ «እህቴ፣ እኔ እኮ ቆሜ ነው የመጣሁት» አላት።

ስለዚህ ሥራ ከማይፈታው ጊዜዎ ላይ ጥቂት ቆርሰው እግዱን ቢያነሱላት፣ ካልሆነም ያጠፋችውን ጥፋት በፊቷ ቆመው ቢነግሯት፣ ቤተሰባችን በሙሉ ወንበር ስቦ ለማዳመጥ ዝግጁ ነው።

ለከፍተኛ ትዕግሥትዎና ከዚያም ለሚበልጠው ዝምታዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
የታገደችው ቴክኒሻን ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማስፋፊያው በተሠራው አዲስ አዳራሽ ምረቃ ላይ ንግግርዎ ለእንግዶቹ ጥርት ብሎ እንዲሰማ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እንዲቆይ ማዘዝዎን ሰማሁ። ለካ ይጠፋል።